መኪናው መድን አለው፤ ባለመኪናውስ?

በአገራችን መንገድ ላይ የሚሽከረከር መኪና ሁሉ ቢያንስ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። መጀመሪያ በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም እርሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ ነገር ስለሆነ የሚከራከርበት የለም። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነማ ባንኩ ሙሉ ሽፋን እንዲገባለት ያስገድዳል። ስለዚህ ቆርቆሮው ተጠብቋል። መሪውን የጨበጠው ሰውዬስ? የመኪናውን ዕዳ የሚከፍለው፣ የወሩን አስቤዛ የሚያስገባው፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ በየወቅቱ የሚያወጣው እርሱ ነው። እርሱን የሚመለከት ወረቀት ግን በብዙዎቻችን ቤት የለም።

ይህን ጉዳይ ስናነሣ ገጹን ለመግለጥ የሚቸኩል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። «ምን ያሟርትብናል?» የሚለውም አይጠፋም። ሟርት እንዳይደለ ግን ማንኛውም የዕድር አባል ያውቃል። ዕድር የገባ ሰው ሞቱን ቆጥሮ በየወሩ እየከፈለ ነው። ልዩነቱ ዕድሩ የሚያስበው ስለ ቀብሩና ስለ ሐዘኑ ቀናት ሲሆን፣ የሕይወት መድን የሚያስበው ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት መሆኑ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ዕድሩም ጥቂት ሺህ ብር ለቤተሰቡ ይሰጣል። ይህን የመሰለ መደጋገፍ በሌሎች አገሮች ብዙ አይገኝምና እንኮራበታለን። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ግን በሚቀጥለው ወር የቤት ኪራዩን የሚጠይቅ ዕድርተኛ ሳይሆን አከራይ ነው።

ለመሆኑ ሕዝባችን ከሕይወት መድን የራቀው ለምንድን ነው? ሥራው ለአገሩ አዲስ ስለሆነ አይደለም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የፋይናንስ ተቋማትን ሲወርስ 13 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በሥራ ላይ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በእነርሱ ቦታ ተተካ፤ ለሃያ ዓመት ያህልም ገበያውን ብቻውን ይዞ ቆየ። አዋጅ ቁጥር 86/1986 በሩን ከከፈተ በኋላ የግል ኩባንያዎች ተፈለፈሉ። ይሁን እንጂ ከኩባንያዎቹ ዓመታዊ የአረቦን ገቢ ውስጥ የሕይወት መድን ድርሻ ለብዙ ዓመታት ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ ሳይሞላ ቆይቷል። ትልቁ ገቢ የሚመጣው ከተሽከርካሪ ነው። ግዴታ ያለበት ገበያ ስላላቸው ሰው ቤት ድረስ ሄደው የሚያስረዱበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ሌላውን ምክንያት ግን ኩባንያዎቹ ማንሣት አይወዱም። የገዛው ሰው ተጎድቷል። እንበልና በ1984 ዓ.ም. አንድ ባለደመወዝ የ20,000 ብር የሃያ ዓመት የቁጠባ የሕይወት መድን ገባ። በዚያን ጊዜ የዶላር ምንዛሪ 2 ብር ከ7 ሣንቲም ስለነበር ገንዘቡ ከ9,600 ዶላር በላይ ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ብር ወደ 5 ብር ሲወርድ በአንድ ጀንበር 4,000 ዶላር ሆነ። ሰውየው ሳያቋርጥ እየከፈለ በ2004 ዓ.ም. ውሉ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ዶላር ከ17 ብር በላይ ገብቶ ነበርና 20,000 ብሩ 1,200 ዶላር እንኳ አልሞላም። በላዩ ላይ የታከለ ጉርሻ ቢኖር ቀዳዳውን አይደፍነውም። ኩባንያው ውሉን አላፈረሰም፤ የተዋዋለውን ብር ቆጥሮ ከፍሏል። የተበላው ብሩ ነው። ይህን ያየ ጎረቤት «ኢንሹራንስ ከምገባ ወርቅ ብገዛ ይሻለኛል» ቢል ልንፈርድበት አንችልም።

ታሪኩም እዚያ አልቆመም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ባለፉት ዓመታት የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የወጣበት ጊዜም ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል የባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ወለል ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በመነሣት የሕይወት መድን አያስፈልግም የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርሱ አሉ። በእኔ አስተያየት ስሕተት ነው። ከዚህ የምንማረው የሕይወት መድንን የገንዘብ ማጠራቀሚያ አድርገን መግዛት እንደሌለብን ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና በየተራ እንያቸው።

ሁለት ዕቃ በአንድ ከረጢት

ወኪሉ ወደ ቢሮዎ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያወጣው «ኢንዶውመንት» የሚሉትን ነው። ውሉ ሳያልቅ ከሞቱ ለቤተሰብዎ ይከፈላል፤ በሕይወት ከቆዩም ለራስዎ ይከፈልዎታል። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ገንዘቡ የትም አይሄድምና። ሆኖም ኩባንያው ይህን ቃል ለመጠበቅ የውሉን ገንዘብ ከእርስዎ ኪስ ማጠራቀም አለበት። 100,000 ብር በ20 ዓመት ሊሰጥዎት ቃል ከገባ፣ ገንዘቡ የሚያፈራው ወለድ ቢታሰብለትም፣ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ብር ከእርስዎ መቀበል ግድ ይለዋል። ስለዚህ አቅምዎ የሚፈቅደው ሽፋን ትንሽ ይሆናል። ዛሬ በአዲስ አበባ 100,000 ብር ለአንድ ቤተሰብ ስንት ወር ያኖራል? መልሱን ለቤት እመቤቶች እንተው።

ሁለተኛው «ተርም» የሚሉት ነው። ለ10 ወይም ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ይገባሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሞቱ ቤተሰብዎ ይከፈለዋል፤ ካልሞቱ ምንም አይመለስም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል። «ሳልሞት ብቀር ገንዘቤን በላችሁ ማለት ነው?» ይላል። ይህንኑ ሰው ግን «ባለፈው ዓመት መኪናህ ስላልተጋጨ የከፈልከው አረቦን ይመለስልህ ወይ?» ብለው ቢጠይቁት ይስቅብዎታል።

የዋጋው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እንበልና ዕድሜያቸው ተመሳሳይ የሆነ 1,000 ሰዎች ለአንድ ዓመት የ100,000 ብር ሽፋን ገቡ። ከእነርሱ መካከል በዓመቱ 5 ሰዎች ይሞታሉ ብለን እናስብ። ኩባንያው ለአምስቱ ቤተሰቦች 500,000 ብር ይከፍላል። ለ1,000 ሲካፈል ለአንድ ሰው 500 ብር ይደርሰዋል፤ በላዩ የኩባንያው ወጪና ትርፍ፣ የወኪሉም ኮሚሽን ይታከልበታል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተነሣ ነው፤ እውነተኛው ዋጋ እንደ ዕድሜውና እንደ ጤናው ይለያያል። ነገር ግን በሺዎች በሚገዛው የቁጠባ ውልና በመቶዎች በሚገዛው የሞት ሽፋን መካከል ያለው ርቀት ከዚህ ይታያል። በአንዱ የ100,000 ብር ውል የሚገዛ ሰው፣ በዚያው ገንዘብ በሌላው የብዙ እጥፉን ሽፋን ያገኛል። የዋጋ ንረቱም በዚህኛው ላይ ያን ያህል ጉልበት የለውም። ብር ቢረክስ በሚቀጥለው ዓመት ሽፋኑን ከፍ ያደርጋል እንጂ ለሃያ ዓመት የታሰረ ገንዘብ የለውም።

ስለዚህ ሐሳቤን ልጨርስ፤ ለሞት ተርም ይግዙ፤ ለቁጠባው ዕቁቡም፣ አክሲዮኑም፣ የራስዎ ብልሃትም አለ። የቁጠባ ውል የሚጠቅመው ገንዘብ በእጁ የማይበረክት፣ ካልታሰረበት በቀር የማይቆጥብ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በሦስተኛው ዓመት አረቦኑን ማቆሙ አይቀርም። ያኔ ከከፈለው ውስጥ የሚመለስለት ከጠበቀው እጅግ ያንሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሉን ያቋረጠ ከነጭራሹ ላይመለስለት ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት «በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ዓመት ባቋርጥ ስንት ብር ይመለስልኛል?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ወኪሉ ቢያጉረመርምም ግድ የለም።

ስንት ይበቃል?

ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ላጤ ሆኖ ማንንም የማይጦር ሰው ምን ያደርግለታል? ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰ፣ ዕዳ የሌለበት ጡረተኛም እንደዚሁ። ለሕፃናት የሕይወት መድን የሚያሻሽጡም አሉ፤ አልደግፈውም። ልጁ የሚጎዳው አባቱ ወይም እናቱ ሲሞቱ ነውና መድኑ በወላጁ ላይ ይሁን። በአንጻሩ በወር በወሩ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ያላቸው አዛውንት ወላጆች፣ ልጁ በአዲስ አበባም ይኑር በቤይሩት ወይም በዋሽንግተን፣ እንደ ሕፃናቱ ሁሉ በእርሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ደመወዝ የሌላት የቤት እመቤትም ብትሆን ሥራዋ ዋጋ አለው፤ እርሷ በሌለችበት ሠራተኛ መቅጠር፣ ሕፃኑን መዋያ ማስገባት በገንዘብ የሚሆን ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ለሁለት የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ ለገቢ አምጪው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የ38 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። በግል ድርጅት ይሠራል፤ ደመወዙ 20,000 ብር ነው፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 13,600 ብር ገደማ ወደ ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ 9,000 ብር ታገኛለች። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ታናሹ 5 ዓመቱ ነው። የኮንዶሚኒየም ቤታቸው ቀሪ ዕዳ 300,000 ብር ነው።

ሰውየው ቢሞት የመጀመሪያው ደራሽ ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ከ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 715 ወዲህ በጡረታ ታቅፈዋል፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ስሌቱ ለ10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ነው። የእኛ ሰው 14 ዓመት አገልግሏል እንበል፤ 35 በመቶ ይሆናል። የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 16,000 ብር ከሆነ አበሉ 5,600 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለሚስት ግማሹ ማለትም 2,800 ብር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ማለትም 1,120 ብር ይሰጣል። ተደምሮ 5,040 ብር ነው። 13,600 ብር ሲገባበት የነበረ ቤት 5,040 ይገባበታል። ልጆቹ 18 ዓመት ሲሞላቸው የእነርሱ ድርሻም ይቆማል።

እርሱ በሌለበት ለቤቱ በወር 19,000 ብር ያስፈልጋል ብለን እንነሣ። የሚስትዮዋ 9,000 እና የጡረታው 5,040 ሲቀነስ ወደ 5,000 ብር ይጎድላል። በዓመት 60,000 ብር ነው። ታናሹ ልጅ 20 ዓመት እስኪሞላው በ15 ዓመት ሲባዛ 900,000 ብር ይመጣል። የቤቱ ዕዳ ሲደመርበት 1,200,000 ብር። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ የዋጋ ንረቱን አላስገባንም፤ ንረቱ ቢገባ ቁጥሩ ያሻቅባል እንጂ አይወርድም። ቢሆንም በጨለማ ከመዳሰስ ይሻላል። ወኪሉ የሚያቀርብልዎትን የ50,000 ወይም የ100,000 ብር ውል ከዚህ ጎን አስቀምጠው ይዩት። በየሁለት ዓመቱም ይህንኑ ሒሳብ እንደገና ይሥሩ፤ የዛሬው 1,200,000 ብር ከጥቂት ዓመት በኋላ የግማሹን ያህል ላይገዛ ይችላልና።

በእጅዎ ያለውንም አስቀድመው ይፈትሹ። መሥሪያ ቤትዎ የቡድን የሕይወት መድን ገብቶልዎት ሊሆን ይችላል፤ ከፋይናንስ ክፍሉ በቀር የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ስንት ዓመት ደመወዝ እንደሚከፍል ይጠይቁ። በሥራ ላይ ለደረሰ አደጋ ብቻ ነው ወይስ በቤቱ አልጋው ላይ ለሞተም? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህ ሽፋን ሥራዎን ሲለቁ አብሮ እንደሚቀርም አይዘንጉ። ከባንክ ብድር ጋር የሚገባ የሕይወት መድንም አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ የሚሄደው ለባንኩ ነው። ቤቱ ከዕዳ ይነጻል፤ ወጡ ግን ከየትም አይመጣም።

ከወለድ ጋር የተያያዘ ነገር በሃይማኖታቸው ምክንያት ለማይገቡ ሙስሊም ወገኖቻችን ብሔራዊ ባንክ «ታካፉል» የተባለውን የመተጋገዝ መድን ፈቅዷል። ቀድሞ በር ተዘግቶባቸው ነበርና የሚደገፍ እርምጃ ነው።

ስሙን ይጻፉ

ከሁሉ የበለጠ ጣጣ የሚያስከትለው ግን በቅጹ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። «ተጠቃሚ» ትላለች። ብዙው ሰው «ወራሾቼ» ብሎ ጽፎ ያልፋል፤ አንዳንዱም ባዶ ይተዋታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 827 ላይ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ አስቦበታል። ሟቹ ተጠቃሚውን ለይቶ ካልጻፈ፣ ወይም እንዲሁ በጥቅሉ ለወራሾቼ ካለ፣ የመድኑ ገንዘብ ከውርሱ ጋር ይደባለቃል። ለይቶ ከጻፈ ግን ገንዘቡ የውርስ ሀብት አይደለም፤ በቀጥታ ለተጻፈው ሰው ይከፈላል።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ውርስ ውስጥ የገባ ገንዘብ ግን ወራሽነት እስኪጣራና ፍርድ ቤት እስኪወሰን ይጠብቃል፤ የሟቹ ዕዳ ጠያቂዎችም ከወራሾቹ በፊት እጃቸውን ይዘረጉበታል። ከዚያም ወንድም፣ እኅት፣ ከሌላ የተወለደ ልጅ ይመጣል፤ ክርክሩ ይጀመራል። አበዳሪውም ወንድሙም የየራሳቸው መብት ይኖራቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ የሚስትዎን ወይም የባልዎን ሙሉ ስም እስከ አያት ይጻፉ። ለልጆች ከሆነ በየስማቸውና በየድርሻቸው ያስፍሩ። ከተፋቱና ሌላ ካገቡ ያንኑ ቀን ሄደው ያስተካክሉት፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ ስም ገንዘቡን ለቀድሞዋ ሚስት የሚያስረክብበት አጋጣሚ አለ።

ሁለተኛው ጣጣ የጤና ጥያቄው ነው። ስኳር አለብዎት? ደም ግፊትስ? ሆስፒታል ተኝተው ያውቃሉ? አንዳንድ ወኪል ኮሚሽኑ እንዳያመልጠው «የለም ይበሉ፤ ማን ያየዋል» ይላል። የሚያየው አለ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በመድን ክፍሉ ውስጥ ሆን ብሎ እውነት የደበቀ ሰው ውሉ ፈራሽ እንደሚሆን ደንግጓል። ኩባንያው መዝገቡን የሚመረምረው ሲያዋውልዎት ሳይሆን ሲሞቱ ነው። በዚያን ጊዜ ወኪሉ ሌላ ሥራ ይዟል፤ እርስዎም መልስ አይሰጡም። ስኳር እንዳለብዎት ተናግረው ጥቂት ብር ቢጨመርብዎት ይሻላል።

ይኸው ሕግ በመድን ውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድም ይናገራል። ባሏ መድን እንደገባ የማታውቅ ሚስት ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ስትንከራተት ሁለት ዓመት ብዙ ጊዜ አይደለም። ፖሊሲውን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሚዞር ባል በአገራችን ብርቅ አይደለም። «ካወቀች መሞቴን ትጠብቃለች» የሚል ቀልድም ይቀለዳል። ወረቀቱን የት እንዳስቀመጡት፣ የኩባንያውን ስምና የፖሊሲውን ቁጥር ይንገሯት። ለኩባንያው የሞት የምስክር ወረቀት ስለሚያስፈልግ ሞቱን ወዲያው በወሳኝ ኩነት ማስመዝገብ እንደሚገባም ትወቅ። ምዝገባው በመላ አገሪቱ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ይህ ሥራ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይፈጸማል።

ለኩባንያዎቹም አንድ ቃል አለን። በየዓመቱ በማስታወቂያ፣ በቀን መቁጠሪያና በባርኔጣ ላይ ብዙ ገንዘብ ታፈሳላችሁ። የ30፣ የ35፣ የ40 እና የ45 ዓመት ሰው የ1 ሚሊዮን ብር የተርም ሽፋን በስንት ብር እንደሚያገኝ ግን በአንድም ጋዜጣ ላይ ስታወጡ አላየንም። ሲሚንቶና ጤፍ በየሳምንቱ ዋጋቸው በሚታተምበት ገበያ የእናንተ ዕቃ ብቻ ምሥጢር ሆኗል። ደንበኛው አንዱን ከሌላው ማወዳደር ካልቻለ፣ ወኪሉ ኮሚሽኑ የሚበዛበትን ይሸጥለታል። ገበታውን በዕድሜ ከፋፍሎ የሚልክልን ኩባንያ ካለ፣ ከእህሉ ዋጋ አጠገብ ቦታ አለን።